ያውቁ ኖሯል? አዘዞ ላይ ለኦቨርክሎክ የሚሆን ራም ሲገዙ

ኮምፒውተርን ፋብሪካው ከወሰነለት ፍጥነት በላይ ማስሮጥ፣ ማለትም ኦቨርክሎክ ማድረግ፣ ከሰፈርዎ ከፍታ ጋር እንደሚገናኝ ያውቁ ኖሯል? የጎንደሩ አጼ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያ የሚገኝበት አዘዞ ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ነው። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ በባሕር ጠለል ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። የፕሮሰሰሩ ፋን እንደ ወትሮው ቢሽከረከርም የሚገፋው አየር ስለሚቀል ጠርጎ የሚያወጣው ሙቀት ያንሳል። በቆላ ወደብ ከተማ የሚኖር ሰው በአንድ ፋን ያገኘውን ፍጥነት እዚህ በዚያው ፋን አገኘዋለሁ ብሎ መነሳት አይቻልም። የደጋው አየር ቀዝቀዝ ማለቱ ጉድለቱን በከፊል ይክሳል፤ መጋቢትና ሚያዝያ ላይ የቀኑ ሙቀት ወደ 30 ዲግሪ ሲጠጋ ግን ልዩነቱ ይጎላል።

ራሙ ራሱ በሙቀት ብዙም አይታማም። አንድ ፍሬ ራም የሚወስደው ኃይል ከ3 እስከ 5 ዋት አካባቢ ነው፤ ኦቨርክሎክ የተደረገ ፕሮሰሰር ከ100 ዋት በላይ ሊወስድ ይችላል። ስለዚህ ራሙን የሚያለብሱት ብረት በአብዛኛው ለዓይን ነው። ለሚያብለጨልጭ መብራትና ለረጅም የብረት ልባስ የሚጨመረውን ብር ለፕሮሰሰሩ ማቀዝቀዣ ቢያውሉት የበለጠ ይሠራል። ረጅም ልባስ ደግሞ ትልቅ ማቀዝቀዣ አላስገባ ይላል። የኮርሴር ቬንጀንስ ኤልፒኤክስ ዓይነቱ ዝቅ ያለ ራም ቁመቱ ከ35 ሚሊሜትር በታች ስለሆነ ይህ ጣጣ የለበትም።

ወደ ከፍታው እንመለስና፣ በቻርጀር ወይም በፓወር ሰፕላይ ላይ ከተለጠፈው ጽሑፍ መካከል የተራራ ሥዕልና "2000" የሚል ቁጥር አይተው ያውቃሉ? የቻይና የደኅንነት ደረጃ የሚያዘው ምልክት ነው። ዕቃው የተመዘነው እስከ 2,000 ሜትር ከፍታ ላለ አካባቢ ነው ማለት ነው። አየር ሲሳሳ ኤሌክትሪክን የመከልከል አቅሙ ስለሚቀንስ፣ ከፍ ላለ ቦታ የሚሠራ ዕቃ ውስጥ በመስመሮቹ መካከል የሚተወው ክፍተት መስፋት አለበት። አዘዞ ከዚያ ድንበር ላይ ትገኛለች፤ ከአዘዞ ወደ ጎንደር ፒያሳ የሚወጣ ሰው ድንበሩን አልፎ ይሄዳል። ምልክቱ ያለበት ዕቃ ወዲያው ይበላሻል ማለት አይደለም፤ የተተወለት የደኅንነት ትርፍ ግን ይጠባል። ዕቃውን ከልኩ በላይ ሊያሠራ ያሰበ ሰው 5,000 ሜትር የተጻፈበትን ቢመርጥ ጥሩ ነው።

አሁን ወደ ራሙ።

ራም ላይ በትልቁ የተጻፈው ቁጥር ብቻውን ፈጣን መሆኑን እንደማይናገር ያውቁ ኖሯል? ሳጥኑ ላይ 3200 ወይም 3600 የሚለው፣ ራሙ በአንድ ሰከንድ ስንት ሚሊዮን ጊዜ መረጃ እንደሚያቀብል ነው። አጠገቡ በትንሹ የተጻፈ ሌላ ቁጥር አለ፤ ሲኤል ይባላል። እሱ ደግሞ ራሙ ትእዛዝ ከደረሰው በኋላ መልስ እስኪሰጥ ስንት ምት እንደሚቆይ ይናገራል። ሁለቱን ካላገናኙ ዋጋው ልክ ይሁን አይሁን አይታወቅም።

ማገናኛው ቀላል ነው፤ ሱቅ ውስጥ በስልክዎ ካልኩሌተር ይሠሩታል። ሲኤሉን በ2,000 ያባዙና በትልቁ ቁጥር ያካፍሉ። የሚወጣው መልስ በናኖሰከንድ የሚለካ የመቆያ ጊዜ ነው፤ ናኖሰከንድ የሰከንድ ቢሊዮንኛ ክፍል ነው። 3200 ሆኖ ሲኤሉ 16 ከሆነ መቆያው 10 ናኖሰከንድ ነው። 3600 ሆኖ ሲኤሉ 18 ከሆነም 10 ነው። 3200 ሆኖ ሲኤሉ 22 ከሆነ ግን 13.75 ይሆናል። ሁለቱም "3200" ተብለው አንድ መስታወት ውስጥ ይደረደራሉ፤ አንደኛው በየትእዛዙ ከሲሶ በላይ ተጨማሪ ጊዜ ያስጠብቃል። ሻጩ "ያው ነው" ቢልዎት ያው አይደለም። የዋጋ ልዩነታቸው ትንሽ ከሆነ ሲኤል 16ቱን ይውሰዱ።



በዚሁ ስሌት የድሮ ራሞችን ቢያስኬዱ የሚገርም ነገር ያያሉ። ዲዲአር2 የሚባለው፣ 800 የተጻፈበትና ሲኤሉ 4 የሆነው ራም መቆያው 10 ናኖሰከንድ ነበር። ዛሬ ውድ የሆነው ዲዲአር5፣ 6000 ሆኖ ሲኤሉ 30 የሆነው፣ እሱም 10 ናኖሰከንድ ነው። ርካሹ ዲዲአር5፣ 4800 ሆኖ ሲኤሉ 40 የሆነው፣ 16.67 ነው። ከትውልድ ትውልድ በብዙ እጥፍ ያደገው በአንድ ጊዜ የሚጫነው መጠን ነው፤ መልሱን የመጠበቂያው ጊዜ ከቦታው እምብዛም አልተነቃነቀም። "ዲዲአር5 ስለሆነ ፈጣን ነው" ብሎ የሚሸጥልዎት ሰው የነገረዎት ግማሹን ነው።

ሳጥኑ ላይ "3200 ሜጋኸርዝ" ተብሎ የሚጻፈውም ልክ አይደለም። ሰዓቱ የሚመታው በ1,600 ሜጋኸርዝ ነው፤ በእያንዳንዱ ምት ሁለት ጊዜ ስለሚያቀብል ነው ቁጥሩ በእጥፍ የሚጻፈው። ሲፒዩ-ዚ የተባለው ነጻ ፕሮግራም 1,600 ገደማ ሲያሳያቸው ተታለልን ብለው የሚደነግጡ ሰዎች አሉ። አልተታለሉም።

ፈጣን ራም ገዝተው ማዘርቦርዱ ላይ ስለሰኩት ብቻ ፈጣን እንደማይሆን ያውቁ ኖሯል? አዲስ የተሰካ ራም ጄዴክ የተባለው ዓለም አቀፍ የደረጃ አውጪ አካል በወሰነለት ዝቅተኛ ፍጥነት ይነሳል። በሳጥኑ ላይ የተጻፈውን ፍጥነት የሚያገኙት ባዮስ ውስጥ ገብተው ኤክስኤምፒ የሚባለውን ሲያበሩ ነው። ኢንቴል ይህን ያመጣው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው፤ ኤኤምዲም በ2022 ኤክስፖ የሚባል የራሱን አወጣ። ያንን አንድ መስመር ሳይነኩ ለዓመታት የ3600 ዋጋ ከፍለው በ2133 የሚሠሩ ብዙ ናቸው። የእርስዎን ለማወቅ ዊንዶውስ ላይ ታስክ ማናጀርን ከፍተው ፐርፎርማንስ፣ ከዚያ ሜሞሪ የሚለውን ይጫኑ፤ ፍጥነቱና የተያዙት ስሎቶች ብዛት እዚያው ተጽፏል።

ከቢሮ የወጡ ያገለገሉ ዴል ኦፕቲፕሌክስና ኤችፒ ዴስክቶፖችን የሚገዛ ሰው ይህን ልብ ይበል፦ አብዛኞቹ ኤክስኤምፒ የሚባል ነገር የላቸውም። እነሱ ላይ 3600 የተጻፈበትን ውድ ራም ቢሰኩ፣ የራሙ መነሻ ፍጥነት 2133 ከሆነ በ2133 ይሠራል። ተራውና ርካሹ የ2666 ራም እዚያ ማሽን ላይ ይበልጠዋል።

ሁለት ባለ 8 ጊጋባይት ራም ከአንድ ባለ 16 ጊጋባይት ራም እንደሚሻልስ? አዘዞን የሚያውቅ ሰው ይህ አይቸግረውም። ከጎንደር የወረደው መኪና ሁሉ አዘዞ ሲደርስ የመተማው ወደ ምዕራብ፣ የባሕር ዳሩ ወደ ደቡብ ይለያያል፤ ሁሉም በአንድ መንገድ ቢሄድ ኖሮ መጨናነቁን ያስቡት። ፕሮሰሰሩም ወደ ራም የሚሄዱ ሁለት መንገዶች አሉት። አንድ ፍሬ ራም ከሰኩ አንደኛው መንገድ ባዶውን ይቀራል። የዲዲአር4 የ3200 ራም በአንድ መንገድ በሰከንድ 25.6 ጊጋባይት ያመላልሳል፣ በሁለት መንገድ 51.2። የተለየ ግራፊክስ ካርድ የሌለው፣ ሥዕሉን ፕሮሰሰሩ ራሱ የሚሠራለት ማሽን ላይ ይህ ልዩነት በዓይን ይታያል፤ ጌም የሚቆራረጠውና የማይቆራረጠው በእሱ ነው።

አራት ስሎት ካለው ማዘርቦርድ ላይ ሁለቱን ራም የሚሰኩት አብዛኛውን ጊዜ ከፕሮሰሰሩ ሲቆጠር ሁለተኛውና አራተኛው ላይ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ላይ ጎን ለጎን የሰካ ሰው ሁለት ፍሬ ገዝቶ አንድ መንገድ ብቻ ይጠቀማል። አራቱንም መሙላት ደግሞ ሌላ ዋጋ አለው፦ ለፕሮሰሰሩ የራም መቆጣጠሪያ ስለሚከብደው የሚደርሱበት ፍጥነት ዝቅ ይላል። ለኦቨርክሎክ ሁለት ፍሬ ይበቃል፤ ያውም በአንድ ሳጥን አብረው የተሸጡ፣ አብረው የተፈተኑ። ዛሬ አንድ፣ ከዓመት በኋላ ሌላ እየተገዛ የሚገጣጠም ራም አብሮ የሚሄደው በደካማው ልክ ነው።

ከዓለም የራም ቺፕ አብዛኛውን የሚሠሩት ሦስት ድርጅቶች ብቻ መሆናቸውን ያውቁ ኖሯል? የኮሪያዎቹ ሳምሰንግና ኤስኬ ሃይኒክስ፣ እንዲሁም የአሜሪካው ማይክሮን። ኮርሴርም ጂስኪልም ኪንግስተንም ቺፑን ከእነዚህ ገዝተው የሚያለብሱና የሚፈትኑ ናቸው። ስለዚህ ኦቨርክሎክ የሚያደርጉ ሰዎች የሚጠይቁት ልባሱ ላይ ያለውን ስም ሳይሆን ከሥሩ ያለውን ቺፕ ነው።

በዲዲአር4 ዘመን ስሙ የገነነው የሳምሰንግ ቢ-ዳይ ነበር፤ ሲኤሉን ወደ 14 ዝቅ አድርጎ መሥራት የሚችል፣ ዋጋውም እንደ ስሙ የሆነ። ለገንዘቡ የሚያስብ ሰው ግን የማይክሮን ኢ-ዳይን ይመርጥ ነበር፤ ክሩሻል ባሊስቲክስ በሚል ስም 3000 ወይም 3200 ተብሎ በመካከለኛ ዋጋ እየተሸጠ ከተጻፈበት ብዙ አልፎ ይሄድ ነበር። ከዚያም ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ2012 አካባቢ፣ ምንም ልባስ የሌለው አረንጓዴና አጭር የሳምሰንግ ዲዲአር3 ራም ነበር። 1600 ተብሎ በርካሽ ይሸጥ የነበረው ይህ ራም በብዙዎች እጅ ከ2,000 በላይ ሄዷል። ዛሬም ያገለገሉ ዕቃዎች መካከል እንዲህ ያለ አረንጓዴ ራም ካጋጠመዎት ልባስ የለውም ብለው አይናቁት፤ ቺፖቹ ላይ የተጻፈውን ያንብቡ።

ፋብሪካዎቹ ቺፖቻቸውን የሚለዩት በፈተና ነው። ያው አንድ ዓይነት ቺፕ ሲፈተን የበለጠ የሄደው ከፍ ባለ ዋጋ ይሸጣል፣ ያነሰው ዝቅ ባለ ዋጋ። ከዝቅተኛው መደብ ውስጥ ከተጻፈበት በላይ የሚሄድ የሚገኘው በዚህ ምክንያት ነው፤ ሁልጊዜ ይገኛል ብሎ መግዛት ግን አይቻልም።

እስከ ስንት መግዛት ይበቃል? ራይዘን 3000 እና 5000 ፕሮሰሰር ላይ 3600 ነው ልኩ። የፕሮሰሰሩ የውስጥ መገናኛ በ1,800 ሜጋኸርዝ ገደማ ከራሙ ጋር እኩል ይራመዳል፤ ከዚያ በላይ ሲሄዱ ብዙውን ጊዜ መራመዱን ይተውና መቆያው ይረዝማል። ዲዲአር5 በሚጠቀሙት አዲሶቹ ራይዘኖች ላይ 6000 ነው። ኢንቴል ላይ ማዘርቦርዱን ይዩ፦ እስከ ቢ460 ድረስ ያሉት የቢ መደብ ቦርዶች ራምን ከተወሰነው በላይ አያስኬዱም፤ እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው ቢ560 ነው በሩን የከፈተው። ከ3200 ወደ 3600 ሲወጡ ጌም ላይ የሚያገኙት ጥቂት በመቶ ነው። ለዚያ ጥቂት ተጨምሮ ቢጠየቁ ይክፈሉ፤ የራሙን ዋጋ ሲሶ ጨምሩ ካሉዎት ይተዉት።

ምክንያቱም መጠኑ ይቀድማል። የጥምቀትን በዓል በፋሲለደስ ጥምቀተ ባሕር ቀርጾ፣ ወዲያው የጥር ሰርግ የሚከመርበትን የጎንደር ቪዲዮ ኤዲተር ያስቡ። አንድ ያልተጨመቀ የፎርኬ ፍሬም 33 ሜጋባይት ያህል ይይዛል። በሰከንድ 25 ፍሬም ሲሆን፣ ባለ 8 ጊጋባይት ራም ሙሉውን ለቪዲዮ ቢሰጥ እንኳ የሚይዘው 10 ሰከንድ ገደማ ብቻ ነው። የቀረውን ኮምፒውተሩ ወደ ዲስክ እያወጣና እየመለሰ ይሠራዋል፤ በጣም ፈጣን የሚባለው ዲስክ ደግሞ ከራም ጋር ሲነጻጸር እጅግ ቀርፋፋ ነው። ለእንዲህ ያለ ሰው 32 ጊጋባይት በ3200 ከ16 ጊጋባይት በ4000 በብዙ ይሻለዋል። ይህን ሳልከራከር አላልፍም፤ ሥራ የሚሠራበት ማሽን ላይ መጠን ቆርጦ ፍጥነት የሚገዛ ሰው ብሩን አባከነው።

  

ባለ 32 ቢት ዊንዶውስ የተጫነበት ማሽን ላይ ከ4 ጊጋባይት በላይ ራም መጨመር ዋጋ የለውም። ከመግዛትዎ በፊት ይህን ይዩ።

አንዳንድ ርካሽ ራም "ለኤኤምዲ ብቻ" ተብሎ እንደሚሸጥ ያውቁ ኖሯል? ሰሌዳው ላይ ያሉት ቺፖች አደረጃጀት የኢንቴል ማዘርቦርዶች ከሚቀበሉት የተለየ ነው። ኢንቴል ላይ ሲሰኩት ኮምፒውተሩ ይጮሃል ወይም ዝም ይላል። ሌላው የሚያሳስተው የሰርቨር ራም ነው። ያገለገለ የዲዲአር4 ሰርቨር ራም ስሎቱ ላይ ልክክ ብሎ ይገባል፣ ዋጋውም ይማርካል፤ ተራ ዴስክቶፕ ግን በእሱ አይነሳም። ከቻይና የሚመጡት ኤክስ99 የሚባሉት ማዘርቦርዶች ላይ ከዚዮን ፕሮሰሰር ጋር ይሠራል፤ ለእነሱ ከሆነ የሚገዙት ጥሩ ዋጋ ነው።

የራም ዋጋ በአንድ ፋብሪካ ቃጠሎ እንደሚናጥስ? እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2013 በቻይና ዉሺ ያለው የኤስኬ ሃይኒክስ ፋብሪካ ሲቃጠል ዋጋው በመላው ዓለም ዘለለ። የአሁኑ ግን ከዚያ የከፋ ነው። ለሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚገነቡት ግዙፍ የመረጃ ማዕከላት ቺፑን እየጠቀለሉት፣ እ.ኤ.አ. በ2025 መጨረሻ የራም ዋጋ በጥቂት ወራት ውስጥ አሻቀበ። ማይክሮን በዲሴምበር 2025 ክሩሻል የሚለውን ለተራ ገዢ የሚሸጥበትን ስም እንደሚዘጋ አስታወቀ። እኛ ዘንድ ደግሞ የምንዛሪው ነገር አለ፦ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ብዙም ሳይቆይ 100 ብርን አልፏል። ሁለቱ ተደራርበው ነው ዛሬ ጎንደር አራዳም ሆነ አዲስ አበባ ላይ የሚሰሙት ዋጋ የሚያስደነግጠው።

ስለዚህ ያገለገለ ራም መግዛት አያሳፍርም። ራም እንደ ዲስክ የሚሽከረከርም ሆነ ተጽፎ ተጽፎ የሚያልቅ ነገር የለውም፤ በአግባቡ የተያዘ ፍሬ ለብዙ ዓመታት ይሠራል። ዱባይ ወይም አሜሪካ ያለ ዘመድ ቢያመጣልዎትም ሻንጣ አያከብድም፤ ርዝመቱ 13.3 ሴንቲሜትር ነው። በሳጥኑ ላይ የተጻፈው የዕድሜ ልክ ዋስትና ግን ራሙን ወደተገዛበት አገር መልሶ መላክን ስለሚጠይቅ፣ እዚህ ላለ ገዢ ዋስትናው ሱቁ ውስጥ አይቶ መግዛት ነው።

ያገለገለ ራም ሲያነሱ ጠርዞቹን ይዘው፣ ወርቃማዎቹን ጥርሶች ሳይነኩ ወደ ብርሃን ያዙሩት። ጥርሶቹ አንጸባራቂና አንድ ዓይነት መሆን አለባቸው፤ ጥቁር ነጥብ፣ ጭረት ወይም አረንጓዴ ዝገት ካለ ይመልሱት። ኮምፒውተር ጠጋኞች ራሙን ነቅለው በላጲስ ሲጠርጉት አይተው ይሆናል፤ ብዙ ጊዜም ይሠራል፤ ጥርሱ ላይ የተቀመጠው ዝገትና አቧራ ስለሚለቅ ነው። ነጩንና ለስላሳውን ላጲስ ይጠቀሙ። ቀለም መፋቂያው ሻካራ ላጲስ ወርቁን ይልጠዋል፤ ወርቁ ደግሞ ከፀጉር እጅግ የቀጠነ ነው። ፍርፋሪውን በደረቅ ብሩሽ ጠርገው ይመልሱት።

የኮምፒውተሩን ብረት ሲነኩ ነዝሮዎት ያውቃል? አብዛኛውን ጊዜ ግድግዳው ላይ ያለው ሶኬት ግራውንድ ስለሌለው ነው። ፓወር ሰፕላዩ ውስጥ ያሉ ማጣሪያዎች ትንሽ ፍሳሽ ወደ ብረቱ ይለቃሉ፤ ወደ መሬት መውጫ ሲያጣ እርስዎን ይጠብቃል። ራም ሲነቅሉም ሲሰኩም ገመዱን ከሶኬት ይንቀሉ፤ ማብሪያውን መዝጋት ብቻ አይበቃም። ግራውንድ ማስገባት ደግሞ ከየትኛውም ራም በፊት የሚመጣ ወጪ ነው።

መብራት ብልጭ ብሎ ሲመለስ አንዱ ኮምፒውተር ጠፍቶ ሌላው የሚተርፈው ለምን ይመስልዎታል? ደረጃውን የጠበቀ ፓወር ሰፕላይ መብራት ሲቋረጥ ጭነቱን ተሸክሞ የሚቆየው 17 ሚሊሰከንድ ያህል ነው፤ በ50 ኸርዝ የሚሠራው የእኛ መብራት አንድ ዙር 20 ሚሊሰከንድ ነው። ኦቨርክሎክ ጭነቱን ስለሚጨምር ያ ጊዜ ይበልጥ ያጥራል። በራሙ ውስጥ የነበረው ሁሉ ወዲያው ይሄዳል። ባለ 16 ጊጋባይት የዲዲአር4 ራም ከ137 ቢሊዮን በላይ ጥቃቅን የኤሌክትሪክ ቋቶች አሉት፤ ቋቶቹ ስለሚያፈሱ እያንዳንዳቸው በየ64 ሚሊሰከንዱ እንደገና ይሞላሉ። ይህን ባለ አንድ ትራንዚስተር ቋት የፈለሰፈው የአይቢኤሙ ሮበርት ዴናርድ ነው፤ የፈጠራ መብቱ የጸደቀው እ.ኤ.አ. በ1968 ነው።

ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ሲአር2032 የምትባለው ክብ ባትሪ ስትደክም፣ መብራት በሄደ ቁጥር ኤክስኤምፒም ሌላው ቅንብርም ተረስቶ ራሙ ወደ 2133 እንደሚመለስ ያውቁ ኖሯል? ሰዓቱና ቀኑ የተዛባበት ኮምፒውተር ካለዎት ፍጥነቱንም ያረጋግጡ። ባትሪዋ የእጅ ሰዓት የሚጠግኑ ሰዎች ዘንድ ትገኛለች። ዲዲአር5 ደግሞ ከተሰካ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲነሳ ስክሪኑ ለደቂቃዎች ጥቁር ሆኖ ሊቆይ ይችላል፤ ራሙን እየለካ ነው። ተበላሸ ብለው አያጥፉት።

የአዘዞ ከፍታ ራም ላይ በቀጥታም ይሠራል። ከህዋ የሚመጡ ቅንጣቶች ከባቢ አየሩን መትተው የሚፈጥሯቸው ኒውትሮኖች አልፎ አልፎ አንድን ቋት ከዜሮ ወደ አንድ ወይም ከአንድ ወደ ዜሮ ይገለብጣሉ። ከፍ ባሉ ቁጥር ኒውትሮኑ ይበዛል፤ አይቢኤም ይህን ለመለካት 3,100 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው የኮሎራዶዋ ሌድቪል ከተማ ፈትኗል። እኛ ግን ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን የምድር መግነጢሳዊ መስክ ብዙውን ቅንጣት ይመልስልናል። ያም ሆኖ በቤት ኮምፒውተር ላይ ከህዋ የሚመጣው ስህተት እጅግ ጥቂት ነው፤ ያለ ልክ ከተገፋ ራም የሚመጣው ግን በሰዓት ውስጥ ሊደጋገም ይችላል።

እሱ ነው የሚያስፈራው። ያልረጋ ራም ሁልጊዜ ሰማያዊ ስክሪን አያመጣም። ኮምፒውተሩ ደኅና እየሠራ፣ የሚቀዳው ፋይል ውስጥ አንድ ቢት ይገለበጣል፤ የሙሽሮቹ ቪዲዮ መሐል ላይ ይንሸዋረራል፣ ዚፕ የተደረገው ሰነድ ከወር በኋላ አልከፈት ይላል። ኮፒ ያደረጉበት ዲስክ ላይም ያው የተበላሸው ነው የሚቀመጠው።

መድኃኒቱ ነጻ ነው። ሜምቴስት86 የተባለውን ፕሮግራም በፍላሽ ጭነው ኮምፒውተሩን ከፍላሹ ያስነሱ፤ ለአንድ ሌሊት ይተዉት። ዩፒኤስ ካለዎት እሱ ላይ ይሰኩት፤ ካልሆነ መብራት ሲሄድ ፈተናው ከመጀመሪያው ይጀምራል። ቢቻል የሚፈትኑት ፋኑ ብዙ በሚለፋበት በሞቃቱ ወር ነው። ጠዋት ስክሪኑ ላይ የስህተቱ ብዛት ዜሮ መሆን አለበት፤ "አንድ ብቻ ነው" የሚባል የለም። አንድ እንኳ ካለ መጀመሪያ ሁሉንም ወደ መነሻ ፍጥነቱ መልሰው ይፈትኑት። እዚያም ስህተት ካለ ራሙ ራሱ ተበላሽቷልና ወደ ሱቁ ይመልሱት። በመነሻው ንጹሕ ሆኖ በ3600 ብቻ የሚሳሳት ከሆነ ወደ 3400 አውርደው ሌላ ሌሊት ይፈትኑት፤ በዚያ ከረጋ በ3400 ይጠቀሙበት፣ የሚያጡት ፍጥነት በሥራም በጌምም አይታወቅዎትም።